ከሌላ ዓለም ለመጣው እንግዳ የታጨደው ጓሳ

ባለፈው ሳምንት የዶርም ጓደኞቼ ፍላሼ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችንን ፊልም አግኝተው ሲስቁ ዋሉ። አጭር አስቂኝ የሳይንስ ልቦለድ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር የገብስ ማሳ ላይ ያርፋል፤ ባለማሳው የልማት ሠራተኛ መስሎት የማዳበሪያውን መዘግየት ያማርርበታል። ጓደኞቼ ከካሜራው ጀርባ የነበረውን ሁሉ ካልነገርከን አሉኝ። መንኮራኩሩ የተሰበረ የዲሽ ሳህን፣ ድምፁ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የፍጡሩ ዓይኖች የሞተር ሳይክል መስታወት እንደነበሩ ነገርኳቸው። በጣም የሚያስቀው ቦታ፣ አንዲት በግ መጥታ የፍጡሩን ጭን የምትግጥበት፣ በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም፤ በጓ ርቧት ነው። ልብሱ ከምን ተሠራ ሲሉኝ «ከሣር» አልኩና ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ።

ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ መሐል ሜዳ ከተማ እየተማርኩ ቅዳሜና እሑድ ወደ መንደሬ እመለስ ነበር። ፊልሙን የሠራነው በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድናችን ሲሆን ካሜራውን ያዋሰን ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ነው። አለባበሱ የእኔ ድርሻ ሆነ። መጀመሪያ ከማዳበሪያ ጆንያ ሰፋሁት። መምህራችን አይተው «ይሄ ከሰማይ ነው ወይስ ከእህል ተራ የመጣው?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ደግሞ መምህር ካልተደሰተብኝ ምግብ የማይወርድልኝ ልጅ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍጡሩን የሚጫወተውን ጌታነህን ይዤ ከመንደራችን በላይ ወዳለው የሣር ተራራ፣ ወደ ጓሳ ወጣሁ። ግንቦት ቢሆንም ብርዱ ጣት ይቆረጥማል። ጉሙ እስኪገለጥ ድንጋይ ተጠግተን በሶ በላን። የጓሳን ሕግ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይከርማል፣ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን አጭዶ ቤቱን ይከድናል። ያን ጊዜ ዝግ ነበር። የከተማ ልጅ የሆነው ጌታነህ «ይቻላል እንዴ?» አለኝ። «ለትምህርት ቤት እኮ ነው» አልኩት። ሁለት ሸክም አጨድን። ሰኞ ልብሱን ያዩት መምህር «አሁን ገና ከሌላ ዓለም መጣ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የዚያን ቀን ደስታዬን አሁን ሳስታውሰው እሸማቀቃለሁ።

ብዙም ሳይቆይ የጓሳው ጠባቂዎች የታጨደውን ቦታ አገኙና በመንደራችን አውጫጭኝ ተጠራ። አጥፊው እስኪታወቅ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ የሚቀመጥበት፣ እያንዳንዱም ምሎ የሚናገርበት ሸንጎ ነው። ሰብሳቢው ጋሼ ደምሴ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ የሺ ዞሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሴት ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው።

«የሺ፣ ጣራሽ ላይ አዲስ ሣር ይታያል።»

«አዲስ አይደለም። ባለፈው ሲከፈት ካጨድኩት ቆጥቤ ባኖርኩት ቀዳዳውን ብቻ ደፈንኩ።»

ከኋላ አንዱ «የእኛ ካለቀ ስንት ጊዜው፤ የእርስዎ ይወልዳል እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ።

ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። እትዬ የሺ እንደ ሁሉም ሰው ቀና ብለው አዩኝ። «ያየሁትም የሰማሁትም የለም» ብዬ ማልኩና ተቀመጥኩ። በመጨረሻ እትዬ የሺ ጓሳው ሲከፈት ድርሻቸውን እንዳያጭዱ ተፈረደባቸው።

ፊልሙ የታየው በወላጆች በዓል ነው። ከመንደራችን የመጡት ልጃቸው ስለምትሸለም እትዬ የሺ ብቻ ነበሩ። በጓ የፍጡሩን ጭን ስትግጥ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እሳቸውን እመለከት ነበር። አልሳቁም፤ ዓይናቸው ልብሱ ላይ ነበር።

ስንወጣ ጠሩኝ። «ልብሱን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«እጅህ ጥሩ ነው። ጓሳው ግን ገና አልደረሰም ነበር። እንዲህ ያለው ለጣራ አይሆንም፣ ቶሎ ይበሰብሳል።»

ቆመው ጠበቁኝ። ያን ያህል ጊዜ ሰጥቶኝ የጠበቀኝ ሰው ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የለም። እኔ ግን «እሺ፣ ተምሬበታለሁ» አልኩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም። ጓሳ ተከፍቶ አገሩ ሲያጭድ እሳቸው ቤታቸው ዋሉ፤ በቀጣዩ ክረምት ጣራቸው አፈሰሰ።

ዛሬ ስለ ፊልሙ ሲጠይቁኝ የበጓን ታሪክ እያሳመርኩ እናገራለሁ። እናቴ በስልክ «የሺ ጠይቃሃለች፣ በርታ ብላሃለች» ትለኛለች። እኔም ጤንነታቸውን ብቻ እጠይቃለሁ። ለዕረፍት ስሄድ ቤታቸው ገብቼ እስማቸዋለሁ፣ ያቀረቡልኝን እበላለሁ፤ ዝናብ ሲያስገመግም ግን ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ።