የኮሚክ ሽፋንና የእናቴ ፊት

ሰው ሁሉ የሚሰደደው በሌሊት ነው። እኔ ግን ከፒያሳ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ራሱ የፈረመበትን የይለፍ ወረቀት ይዤ ነው። ወረቀቱ «ጓድ ሰሎሞን ለአብዮት በዓሉ የሚሆን ቀለም ሊገዛ ወደ ድሬዳዋ ስለሚሄድ ትብብር ይደረግለት» ይላል። እናቴ እስከ ጊዮርጊስ ሸኘችኝ። ቀለም ሊገዛ ለሚሄድ ሰው አይለቀስምና አላለቀሰችም። ይልቅ አላፊ አግዳሚው እንዲሰማ ጮክ ብላ «ቀዩን አትርሳ! ቀዩ ቶሎ ያልቃል!» ትለኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስንደርስ ጉንጬን ሳመችኝና በጆሮዬ «በል ሂድ፤ ዞር ብለህ እንዳታየኝ፣ ሰው ይነቃል» አለችኝ። ዞር አላልኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ፎቶዋንም አልያዝኩም። ኬላ ላይ ቢፈትሹኝ፣ ቀለም ሊገዛ የሚሄድ ሰው የእናቱን ፎቶ ምን ይሠራለታል? ደግሞስ እኔ ሠዓሊ አይደለሁ እንዴ! ስደርስ እሥላታለሁ አልኩ። እናንተ አገር ቤት ያላችሁም፣ እዚህ ሮማ አብራችሁኝ የምትንከራተቱም፣ የማወራችሁ እሷን ለመሣል ያየሁትን አበሳ ነው። ብትስቁም አልቀየማችሁም፣ እኔም ሲብስብኝ እስቃለሁ።

ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። እናቴ ፒያሳ ከሚገኙት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ትኬት ትቆርጣለች። ሥራዋን ጨርሳ እስክትወጣ ልጠብቃት ከማዶ ጋሽ በየነ ጋ እቀመጥ ነበር። ጋሽ በየነ አስፋልቱ ዳር ሸራ ዘርግተው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ከመጽሐፎቹ መሀል ጣሊያኖቹ ጥለዋቸው የሄዱ ኮሚኮች፣ ማለትም በሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች ነበሩ። የጋሽ በየነ ሕግ አንድ ነው፦ «ሽፋኑን እስክትጠግብ እይ። ከገለጥክ ግን ገዝተኸዋል!» እናም ብታምኑም ባታምኑም ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ አንድም ኮሚክ ገልጬ አላነበብኩም። ሽፋን በእርሳስ ስገለብጥ ነው ያደግሁት።

ታዲያ ሽፋን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ውስጡን የሚሥለው ሰው አንባቢው ቤቱ ተቀምጦ ይታገሠዋል። የሽፋኑ ሠዓሊ ግን መንገድ የሚሻገረውን ሰው በኮሌታው ይዞ ማቆም አለበት። ስለዚህ ቡጢው ካረፈ በኋላ አይሥልም፤ ሊያርፍ አንድ ፍሬ ሰከንድ ሲቀረው ነው የሚሥለው። ቡጢው ወደ አንተ ስለሚመጣ ከባለቤቱ ጭንቅላት ይበልጣል። ብርሃኑ ከታች ይመጣል፣ ሰማዩ አንድ ቀለም ብቻ ነው፣ ያውም የሚጮህ ቢጫ። ካባ ካለ ነፋስ ኖረም አልኖረም ይውለበለባል። እግር መሬት አይነካም። ዘጠኝ ጊዜ ገልብጬው አሥረኛው ላይ፣ የአንዱ ጣት ጥላ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ሲገባኝ፣ ከደስታዬ ብዛት እራት አልበላ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ሳላስተውል ቀረሁ። ሽፋን ላይ ቁጭ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለችው አንድ ክፍል ቤታችን፣ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ግድግዳዋ በወረቀት የተለበጠ ነው። የሌላው ቤት ጋዜጣ ነው፤ የኛ ግን ጋሽ በየነ ተቀዳደው የሰጡኝ ሽፋኖች ነበሩ፣ በዱቄት ሙጫ የተለጠፉ። እናቴ መጀመሪያ «እንዴት ብዬ ነው እነዚህ ሁሉ ጎረምሶች እያፈጠጡብኝ የምተኛው?» አለች። በኋላ ለመደቻቸው።

ደርግ መጣ። ቀበሌያችን ሠዓሊ ፈለገና እኔን አገኘ። ለበዓሉ ገበሬ፣ ላብ አደርና ወታደር ሣልኩ፤ ሦስቱም እግራቸው ተከፍቶ፣ ቡጢያቸው ከሰሌዳው ሊወጣ ደርሶ፣ ከኋላቸው ቢጫ ሰማይ። ኮሚቴው ወደደው። ያን ጊዜ ሊቀመንበራችን እሱም ከአጠገባቸው እንዲሣል አዘዘ። ሰውዬው ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፣ ኮቱን እጁን ሳያስገባ ትከሻው ላይ ጣል ማድረግ ይወዳል። እኔ ምን አውቃለሁ! ትከሻ ላይ የተጣለ ነገር ካየሁ እጄ በራሱ ያውለበልበዋል። ኮቱን አውለበለብኩት፣ እግሩን ከመሬት አነሳሁት፣ ከታች ሰፊውን ሕዝብ ትንንሽ አድርጌ ደረደርኩት።

ሰሌዳው በተሰቀለ ማግስት የሰፈሩ ሰው «ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሰማይ ሲመለሱ ዳቦ ይዘው ይምጡ!» እያለ ይስቅ ጀመር። ሂስና ግለሂስ ተጠራ።

«ጓድ ሠዓሊ፣ የጓድ ሊቀመንበር እግር ለምን መሬት አልነካም?» አለ የኮሚቴው ጸሐፊ።

«እየተራመዱ ነው» አልኩ።

«ሁለቱንም እግር አንሥቶ?»

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና «ምናልባት እየዘለሉ ይሆናል» አሉ። ጸሐፊው ሽማግሌውን መዘገባቸው። ከዚያ ከእግሩ ሥር መሬት እንድጨምር ተወሰነ። ጨመርኩ፤ ኮረብታ ላይ የቆመ መሰለ። «ከሕዝብ በላይ ነው ማለትህ ነው?» ተባልኩ። ሕዝቡን ከፍ አደረግኩት፤ ሕዝቡ እግሩን ይዞ የሚጎትተው መሰለ። እንግዲህ ይኼን ከማን እንደተማርኩት ይጣራ ተባለ።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎችና ጸሐፊው ቤታችን መጥተው ግድግዳውን አዩት። ጸሐፊው ክው አለ። ሊልጠው ሞከረ፤ የእናቴ ሙጫ ዋዛ አይደለም፣ ከነጭቃው ተቦጨቀ። «ቤቱን ልታፈርሱብኝ ነው?» ብላ ጮኸች። «ለነፋስ ብዬ የለጠፍኩት ነው! ከወሰዳችሁት ግድግዳውን መልሱልኝ!» ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ቢያፈርሱ የመንግሥት ንብረት ማውደም ይሆንባቸዋል። ተመካከሩ፣ ተመካከሩና ግድግዳው ባለበት እንዲያዝ ወሰኑ። አንሶላ አስጋረዱት፣ በአንሶላው ጠርዝ ላይ ማኅተም መቱ፤ እናቴም «ግድግዳውን ላላይ፣ ላላሳይም» ብላ ፈረመች። እኔ ደግሞ ሰኞ ኮሚቴው ፊት እንድቀርብ ታዘዝኩ። ሰኞ ቀርቦ የተመለሰ ሰው በዚያ ሰሞን አላየሁም። ፈራሁ፣ በእውነት ፈራሁ።

ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ ብቻውን መጣ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺን ሥዕል... በትንሹ አድርገህ ለቤት ትሠራልኛለህ?» አለኝ።

«እግርዎ መሬት ይንካ?»

«ኧረ ተው! እንደነበረው። የኮቱ ገበር ግን ይታይ፣ ሐር ነው።» ትንሽ አሰበና፣ «ታችም ሰው ይኑር፣ ብዙ አይደለም።»

እዚያው ሠራሁለት። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ታሸገው አንሶላ አዙሮ «ጥሩ ቀለም ድሬዳዋ ነው የሚገኘው ይባላል። ቅዳሜ የሄደ ሰው ሰኞ አይደርስም» አለኝና የይለፉን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ለዚህ ነው በቀን የወጣሁት።

ከድሬዳዋ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ስላለፋችሁበት አላንዛዛውም። ስድስት ቀን ሙሉ በእግር፣ ውሃ በኮዳ ክዳን እየተለካ። ጅቡቲ ላይ የመርከበኞች ፊት እየሣልኩ ከረምኩና በስንት ልምምጥ ሮማ ገባሁ። ገና እንደገባሁ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ የእንቁላል ቅርፊት በምታህል ሲኒ፣ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ነገር አመጡልኝ። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፣ «ይኼ ለቅምሻ ነው፣ ዋናውስ?» አልኩ። ዋናው እሱ ነበር። ፓስታቸው ጥሬ ነው፤ አብስሉልኝ ስትል ይቆጣሉ። ክረምታቸው ደግሞ በገና ሰሞን ነው፣ መብረቅ የለው፣ በረዶ አይወርድበት፣ ዝም ብሎ እንደ ሐሜተኛ ሲያንጠባጥብ ይውላል።

የስደተኞች ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ወረፋዬ ደረሰ። አስተርጓሚው የአስመራ ልጅ ነበር።

«ሹሙ ለምን ተሰደድክ ይልሃል።»

«ሊቀመንበሩን ከመሬት ስላነሳሁት።»

«በቡጢ?»

«በቀለም።»

ሹሙ ብዕሩን አነሳ። «ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር?»

«አንድ ክንድ ያህል።»

«ክንድ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» ተከራከርን፤ አርባ አምስት ብሎ ጻፈ። «ማስረጃ አለህ?»

«ግድግዳችን አለ።»

«አምጣው።»

«እስር ላይ ነው።»

ሹሙ አስተርጓሚውን አየ፣ አስተርጓሚው ጣራውን አየ። «ዶማኒ» ተባልኩ። ነገ ማለት ነው፤ በዚህ አገር ነገ የሚባለው ቀን ስንት ወር እንደሚፈጅ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ። በአራተኛው ዶማኒ የሆነውን በወረቀት ሥዬ አሳየሁት። ሹሙ ዓይኑን ከሊቀመንበሩ ኮት አልነቀለም። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። ትርጉም አላስፈለገንም። እሱን ስጨርስ ማኅተም መቺው መጣ፣ ቀጥሎ የፋይል ቤቷ ሠራተኛ። ፐርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ወረቀት ያገኘሁት የቢሮውን ሰው በሙሉ ካበረርኩ በኋላ ነው።

አልጋ ያከራየችኝ ሲኞራ፣ እመቤት እንደማለት ነው፣ አንዲት መበለት ናት። ሕጓ ብዙ ነው፦ በርበሬ አይቆላም፣ እንግዳ አይመጣም፣ ሌሊት መብራት አይበራም። በቀረኝ ነፃነት እናቴን ልሥል ተቀመጥኩ። ትኬት መስኮቷ ውስጥ ቁጭ እንዳለች ጀመርኩ። ስጨርስ ነጠላዋ ይውለበለባል፣ መስኮቱ ተሰባብሯል፣ ትኬት የጨበጠ ቡጢዋ ከራሷ በልጦ ወደ እኔ ይመጣል፣ ሰማዩ ቢጫ ነው።

ሲኞራ አየችውና መነጽሯን አስተካከለች። «ይህች ሴትዮ ማንን ልትደበድብ ነው?»

«እናቴ ናት።»

«አባትህስ?»

«ሞቷል።»

ራሷን ነቀነቀች። «ካፒስኮ» አለች፤ ገብቶኛል ማለቷ ነው። ሥዕሉን ተቀብላኝ ለሌባ መከላከያ በሩ ላይ ለጠፈችው።

እንደገና ሣልኳት፣ እንደገና በረረች። ኤዲኮላ በሚሏቸው የጋዜጣ ኪዮስኮች ባለፍኩ ቁጥር አዳዲሶቹን ሽፋኖች አያለሁ። ያምራሉ፣ አልክድም፣ አንዳንዱ ፊት ቆሜ አውቶቡስ ያመልጠኛል። እዚያ ቆሜ ነው የሠራሁት ስሕተት የገባኝ። እጄ የሚያውቀው ሊፈነዳ የደረሰ ሰው ነው፤ እናቴ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ቁጭ ያለች ሴት ናት። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ በየጠዋቱ ገበያ ሄድኩ። አትክልት የሚሸጡ፣ እጃቸውን አጣምረው የሚቀመጡ አሮጊቶችን ብቻ እሥል ጀመር። ወይ ጉድ፣ ምንም የማያደርግ ሰው እንዲህ ይከብዳል? አንዷ ደብተሬን ቀምታ አየችና «እኔ መች ተቆጣሁ? ቅንድቤን አውርደው!» አለችኝ። አወረድኩት። ሁለት ክረምት ሙሉ ቅንድብ ሳወርድ፣ ትከሻ ሳላላ፣ እግር መሬት ሳስነካ ቆየሁ። ቻልኩበት። የማላውቃቸው ሰዎች እናቶች ሁሉ ቁጭ አሉልኝ።

ከዚያ ወደ እኔዋ ዞርኩ። ዓይኔን ስጨፍን የትኬት መስኮቷ ቀዳዳ ይመጣል፣ ከቀዳዳው እጇ ይመጣል፣ «ስንት ሰው?» የሚለው ድምፅዋ ይመጣል። ፊቷ የለም። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት ስንት መስመር ነው? ሦስት? አራት? የእናቱን ፊት የረሳ ሠዓሊ! ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሲኞራ በር አንኳክታ ለቅሶም እንደማይፈቀድ ነገረችኝ።

ጻፍኩላት። መልሷ «አሁንም ቀለም እየፈለግህ እንደሆነ ቀበሌው ያውቃል፣ አታስብ። ፎቶ ግን በደብዳቤ አልልክም፣ ይከፍቱታል። በሲኒማ ቤቱ ስልክ፣ እሑድ በስምንት ሰዓት ደውልልኝ» የሚል ነበር።

እሑድ የስልክ ቤቱ ሳጥን ውስጥ ገባሁ፤ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ፣ እርሳሴ እጄ ላይ።

«ሃሎ! እማዬ!»

«ወዬ! ሶሌዬ! ትበላለህ?» መስመሩ ሩቅ ስለሆነ ሮማ ድረስ በራሷ ድምፅ ልታደርስ ትጮኻለች።

«እበላለሁ። እማዬ፣ ፊትሽን ንገሪኝ።»

«ምኔን?»

«ፊትሽን። አፍንጫሽ እንዴት ነው?»

«አሞሃል እንዴ? እንዴት ይሆናል፣ አለ እንደነበረ!» ከዚያ አጠገቧ ወዳለው ሥራ አስኪያጅ ዞራ ስትጠይቅ ሰማሁ፦ «አቶ ግርማ፣ አፍንጫዬ እንዴት ነው?» ሰውዬው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ደ... ደህና ነው በሉት።»

«ደህና ነው አሉ» አለችኝ።

«ልሥልሽ ፈልጌ ነው እኮ። ጠፋብኝ። ፊትሽ ጠፋብኝ፣ እማዬ።»

መቼም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ መናገር ጭካኔ ነው፤ ግን ከአፌ አመለጠኝ።

«ታዲያ አሁን ልትሥለኝ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ቆይ ነጠላዬን ላስተካክል።» ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ። «ይኸው፤ በል ሣለኝ። አልንቀሳቀስም።»

ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። መጀመሪያ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር፣ ቀጥሎ እሱንም ያዘችው መሰለኝ። መስመሩ ተቆርጦ ይሁን፣ እሷ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣልኝ ይሁን፣ ማወቂያ የለኝም። ሃሎ እንዳልል፣ ካለች ትመልስልኛለች፣ ከመለሰችልኝ ትንቀሳቀሳለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳጣበቅኩ እርሳሴን አነሳሁ።