ሰኞ ሰኞ የማትነሳው ፒክ አፕ

ልጅ እያለሁ በእኛ ቤት ሰኞ የሚጀምረው በዶሮ ጩኸት ሳይሆን በመኪና ማስነሻው፣ በሞተሪኖው ድምፅ ነበር። አባዬ ቁልፉን ሲያዞረው ፒክ አፓችን ጉንፋን እንደያዛት አሮጊት ትስላለች፣ ታቃስታለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። እንደገና ያዞረዋል፤ እንደገና ትስላለች። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ በረንዳው ላይ ቆሜ ስንቴ እንዳዞረው እቆጥራለሁ። ዛሬም በጎሮ መንገድ አንድ አሮጌ መኪና አልነሳም ሲል ከሰማሁ ቆም ብዬ እቆጥራለሁ።

የአዲስ አበባ ዳር የሆነው ጎሮ ያኔ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ነው። መሬታችን ለልማት ስትወሰድ በሬዎቹን ሸጠ፤ በካሳው ደግሞ ቀለሟ የደበዘዘ፣ በቤንዚን የምትሠራ ሰማያዊ ፒክ አፕ ገዛ። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እያለ በራሱ ይስቅ ነበር። እኩዮቹ በጥላ ሥር አረፍ ማለት በጀመሩበት ዕድሜ መንጃ ፈቃድ አወጣ። በአዘቦት ቀን የተገኘውን ይጭናል፤ አሸዋም ይሁን የሰው ዕቃ። የሰኞው ሥራ ግን የተለየ ነበር። በወንዙ ዳር ጓሮ ከቀራቸው ጎረቤቶቻችን ሰላጣና ቆስጣ ሰብስቦ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ላለ አንድ ሆቴል በማለዳ ያደርሳል። ቁርጥ ያለ ገቢያችን እሱ ብቻ ስለነበር የእኛ ትምህርት ቤትም፣ የቤቱ ወጪም የቆመው በሰኞ ላይ ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ መዘግየት አይወድም።

እሑድ መኪናዋ አትሠራም፤ ሰንበት የእንስሳም ነው ይላል አባዬ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ወደ አመሻሹ ገደማ እጅጌውን ሰብስቦ ያጥባታል። እኔና ታናሽ እህቴ ከቧንቧው በባልዲ እናመላልሳለን። ጎማዋን፣ በሮቿን ይጨርስና ኮፈኑን ይከፍታል። «እዚህ ጋ ነው ላቧ ያለው» ይላል። ቀንበር የላጠውን የበሬ ጫንቃ ሲያጥብ እንደነበረው፣ ሞተሩን በዱቄት ሳሙናና በጨርቅ ቀስ አድርጎ እያሸ፣ ለከብቶቹ ያወራ እንደነበረው በኦሮምኛ እያዋራት፣ ባልዲውን ከላይ ያፈስባታል። ከሳምንቱ ሰዓቶች ሁሉ እንደዚያ የምወደው አልነበረም። የሳሙናው፣ የዘይቱና የእርጥቡ አፈር ሽታ አንድ ላይ ሲመጣ ቤታችን ምንም የጎደለው አይመስለኝም ነበር። አላፊ አግዳሚው «እንዴት ያለች ሙሽራ ናት!» ሲለው አባዬ ፊቱ ይበራል።

በማግስቱ ሙሽራዋ አትነሳም።

ጎረቤታችን ጋሽ ኪዳኔ ድምፁን ሰምተው ጋቢያቸውን እንደለበሱ ይመጣሉ። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ይዘው ትግራይና አሰብ ያመላለሱ ሰው ስለሆኑ ቃላቸው ይከበራል። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው መጀመሪያ «ባትሪ ነው» አሉ፤ ባትሪ ተቀየረ። በሌላው ሰኞ «ካንዴላ ነው» አሉ፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተቀየረ። ከዚያ ካርቡራተሩ ተፈቶ ተጸዳ፤ የቤንዚን ፖምፓውም ተራው ደረሰው። መንገደኛው ደግሞ ሥራ መሄጃ ልብሱን ለብሶም ቢሆን ለመግፋት አይሰንፍም። እኔም ቦርሳዬን አስቀምጬ ከኋላ እገፋለሁ። አባዬ መሪውን ይዞ «ካኢ! ካኢ!» ይላታል፤ ተነሺ ማለቱ ነው። ስትነሳም መነሳት አይባልም። ወባ እንደያዘው ሰው እየተንዘፈዘፈች፣ በጭስ ማውጫዋ እየተኮሰች፣ ከአራቱ አንዱ ሞቶ ጋሽ ኪዳኔ እንደሚሉት «በሦስት ካንዴላ» እየተጎተተች አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ትጠፋለች።

እማዬ ነገሩ ሰኞን ጠብቆ መምጣቱ አላማራትም። ጠበል አምጥታ በተከፈተው ኮፈን ላይ ረጨች። «ላይችል አይሰጥም» አለች፤ ለመኪናዋ ይሁን ለአባዬ አልገባኝም።

ወደ ጋራዥ መውሰዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ተገፍታና ተጎትታ እዚያ እስክትደርስ ይረፍዳል፣ ፀሐዩም ይከራል። መካኒኩ ቁልፉን ገና ሲያዞረው ደስ የሚል ድምፅ አሰምታ ትነሳለች። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ የሚጠፋበት ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ እንደዚያ ነበረች። «አባት፣ ይቺ እኮ ጤነኛ ናት» ይላል መካኒኩ፣ ለትልቅ ሰው በሚገባ ትሕትና፣ ግን ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን እየነከሰ። አባዬ ማስረዳት ይጀምርና ይተወዋል። አንድ ቀን አብሬው ስለነበርኩ ፊቱን አይቼዋለሁ። የዋሸ ሳይሆን ዋሽተሃል የተባለ ሰው ፊት ነበር። እኔም ምንም ላደርግለት ባለመቻሌ ከሁለታችን የበለጠ ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። ያን ዕለት እቤት ደርሰን ያደረገው የሚያውቀውን ነገር ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ አጠባት። ከዚያ ወዲህ ረቡዕም ማጠብ ጀመረ። እሷም ሐሙስ ሐሙስ እንቢ ማለት ጀመረች።

ሆቴሉ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀ። የመጨረሻው ሰኞ ሰላጣው ተጭኖ፣ አሥር ሰው ገፍቷት፣ ከጎሮ ሳትወጣ መንገድ ዳር ቆመች። ትምህርት ቤቴ በዚያው በኩል ስለነበር አብሬው ተሳፍሬ ነበር። አባዬ ቁልፉን አዞረ፣ አዞረ፣ ባትሪውም ደከመ። ፀሐይዋ ወጣች፤ ሰላጣው ከኋላችን ጠወለገ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነበር። «እሺ ጌታዬ… እሺ… ልክ ነዎት» ሲል ብቻ ሰማሁት። ስልኩን ኪሱ ከተተና ግንባሩን መሪው ላይ አደረገ። «ካኢ» አላት፣ ለራሱ እስኪመስል ድረስ በቀስታ። ልጅ አባቷ የሚሸነፍ አይመስላትም። እኔ ግን ያን ዕለት አየሁ፤ አቅፈዋለሁ ብዬ አስቤ እጄ እንቢ አለኝ።

የሆቴሉ ሥራ ቀረ፤ ፒክ አፓችንን ላም በረት በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ጣውላ ነጋዴ ገዛት። አባዬ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ አቧራ በለበሰ ጊዜ እኔና እማዬ ሰሚት ሰፈር ታክሲ ስንጠብቅ አየናት። ጭቃ ደርቆባት፣ አቧራ ለብሳ፣ ጣውላ እየተራገፈላት ሞተሯ እንደ ስፌት መኪና ይሠራል። እማዬ አላስቻላትም፤ ጠጋ ብላ ነጋዴውን ምን እንዳደረገላት ጠየቀችው።

«ምንም አላደረግሁላት፣ እናቴ» አለ ሰውየው። «መጀመሪያ አካባቢ ሞተሯን አሳጥቤ በማግስቱ አልነሳ ብላኝ ነበር። ኤሌክትሪሺያን ሲያያት እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክዳን ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘ። ውሃ ሲገባበት እሳቱ ይጠፋል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ይመለሳል። ክዳኑን ቀይሬ ሞተሯን ውሃ አላስነካትም። እናንተ ቤት ስንቴ ነበር የምትታጠበው?»

እማዬ እጄን ይዛ ወደ ታክሲው ሄደች። ታክሲ ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ ነጠላዋን ወደ አፏ እየሰበሰበች፣ «ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለችኝ። «ድካሙን ይወቅ፤ ይሄን ግን አይወቅ።»

አልነገርኩትም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ዛሬ የምነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ሞተሪኖ የለው፣ ካንዴላ የለው፤ አንዳች ነገር ሲያመው በስክሪኑ ላይ ጽፎ ይነግረኛል። ያኔ አንድ መንደር ሙሉ ጆሮውን አዘንብሎ ያላገኘውን አሁን አንዲት መብራት ትናገረዋለች። የሚገፋም የለም፤ ሰዉ ብትቆሚበት ጥሩምባውን ነፍቶብሽ ያልፋል። ባለፈው እሑድ አባዬን ከቤተ ክርስቲያን ልመልሰው ከጎኔ አስቀምጬ ስወጣ ድምፅ ስላጣ «ተነሳች እንዴ?» አለኝ። እየሄድን ነው አልኩት። ፈገግ አለ፤ ዳሽቦርዱንም የወይፈን አንገት ይመስል መታ መታ አደረገው።

«ይቺ ትወድሻለች» አለኝ። «እኔን ከብት ሁሉ ይወደኝ ነበር። ያቺን መኪና ግን ምን እንዳጠፋሁባት እንጃ።»

«ምንም አላጠፋህባትም፣ አባዬ» አልኩት፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ።