ሊግ በሌለበት ሳምንት የተዳረችው እህቴ

የእንጨት አግዳሚ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት በሰማሁ ቁጥር ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ጀርባ የነበረው፣ ከፍለን በቴሌቪዥን ጨዋታ የምናይበት ኳስ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ቆርቆሮው በሙቀት እየተንጣጣ፣ ቀዮቹ በማራገቢያው በኩል፣ ሰማያዊዎቹ በበሩ በኩል ተለያይተው እየተቀመጡ፣ ሁለት የእንግሊዝ ክለቦች ከተማችንን ለሁለት ይከፍሏት ነበር። ሽንኩርት ነጋዴው አባቴ ከቀዮቹ ጋር፣ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ከሴት ልጅ እዚያ የምገኘው እኔ፣ ትንሿ ልጁ ብቻ ነበርኩ።

መስከረም ላይ የማሾ ለቀማ ሲጀመር የብሔራዊ ቡድኖች እረፍት ይመጣና፣ ተጫዋቾቹ ለየአገራቸው ሊጫወቱ ስለሚሄዱ ሊጉ ለሁለት ሳምንት ይቆም ነበር። ያኔ አባቴ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ግቢውን እየዞረ፣ «ይኼ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ልጆቻችንን ወስደው አንካሳ አድርገው ይመልሱልናል» ይል ነበር። ልጆቻችን የሚላቸው የክለቡን ተጫዋቾች ነው። እኔም አብሬው እነጫነጫለሁ፤ ግን በእነዚያ ቅዳሜዎች ምሳውን ከእኛ ጋር ሳይቸኩል ይበላ ስለነበር፣ እረፍቱ ሲያልቅ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም።

ኅዳር ላይ ሰይድ የሚባል ባጃጅ ነጂ ለታላቅ እህቴ ለሐያት ሽማግሌ ላከ። ሰይድ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነበር። ባጃጅ ሁሉ ሰማያዊ ስለሆነ ነው የደገፍኳቸው ብሎ ቢከራከርም አባቴ አላመነውም። «ልጄን እሰጠዋለሁ፤ አብሬው ግን ኳስ አላይም» አለ። ሐያትን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። አባቴ በፊተኛው ዓመት የአጎቴ ልጅ ስትታጭ ሽማግሌዎቹን ቁጭ አድርጎ ወደ ኳስ ቤት ሾልኮ ነበር፤ ኒካ ሲታሰር ደግሞ ልጅቷን የሚሰጠው አባት ነው። ስለዚህ ኳስ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን የሊግ ፕሮግራም ራሷ አይታ፣ «መጋቢት ላይ ጨዋታ የሌለው እሑድ አለ። አባዬ ያን ቀን የት ይሄዳል?» ብላ ቀኑን ቆረጠች።

መጋቢት በሙቀቱ መጣ። ኳስ ቤቱ በእረፍት ሳምንት ባዶ ስለሚሆን አግዳሚዎቹ ከአንዱ በቀር ተጎትተው እኛ ዳስ ገቡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሼሁ መጡ፣ እንግዳው ተቀመጠ፣ አባቴ የለም። ሙሽራውም የለም። ሁላችንም የሊጉን ፕሮግራም ስናይ፣ የገዛ አገራችን ቡድን በዚያው ሰዓት እንደሚጫወት ማንም አላስታወሰም ነበር።

ሐያት የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ፣ እጄን ይዛ እየጎተተች ሄደች። ባዶው ኳስ ቤት ውስጥ፣ በቀረችው አንዲት አግዳሚ ላይ፣ አባቴና ሰይድ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። አባቴ ሲያያት ግማሽ ተነሥቶ ቀረ። ልታለቅስ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ስንት ለስንት ነው?» አለች።

«ባዶ ለባዶ» አለ ሰይድ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ስንት ደቂቃ ቀረው?»

«አስር።»

«ጠጋ በሉ» አለችና መሀላቸው ተቀመጠች፤ እኔም ጭኗ ላይ ተቀመጥኩ።

የአገራችን ቡድን ጎል ሲያገባ አግዳሚዋ ተገልብጣ አራታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን፤ ቀና ስል አባቴ የሰይድን አንገት አቅፎ ይጮኻል። በዚያ ሰማያዊ ባጃጅ ተጨናንቀን ስንመለስ፣ «ንዳው እንጂ፣ ልጄን ሳልሰጥህ ሊመሽ ነው» ይለው ነበር። ሼሁ ፊት ሲደርስ ድምፁ በጩኸት ተዘግቶ ስለነበር፣ «አልሰማሁህም፣ ድገመው» እየተባለ ልጁን መስጠቱን ሦስት ጊዜ ተናገረ።

ዛሬ ደብረ ሲና ብርድ ውስጥ፣ በተከራየኋት ክፍል ኳስ የማየው በስልኬ ነው። አባቴና ሰይድ በሊግ ሳምንት አንዱ የሌላውን ስልክ አያነሣም፤ እረፍቱ ሲመጣ ግን ከአንድ አግዳሚ ላይ አብረው ይደውሉልኛል። እኔም እንደማንኛውም ደጋፊ እረፍቱን እያማረርኩ ስልኩን እጠብቃለሁ። የእኔ ስክሪን ጥርት ያለ ነው፣ ማራገቢያም አያስፈልገውም፤ ጠጋ በይ የሚለኝ ግን የለም።