ጣሳው ውስጥ የጨመርኩት አጃ

የዚያን ቀን ሳሎኔ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ ልጄ ቢኒያም፣ ታናሽ እህቱ ሜሮን፣ ቢኒያም ስፖርት የሚሠራበት ጂም ባለቤት ጋሽ ደርቤ፣ እና የጂሙ አሠልጣኝ ጆሲ። ከአምስታችን እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እስከ ዛሬም እኔ ብቻ ነኝ። ለልጆቼ አልነገርኩም፣ ለጎረቤት አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህቺን ዘልያታለሁ። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

ቢኒ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ታይፎይድ ይዞት ከተነሣ በኋላ ሸሚዙ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከቤታችን ዳገቱን ወጣ እንዳሉ ጂሙ ይገኛል። እዚያ ጆሲ ያዘው። ጆሲ የካ ሚካኤል አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ወጣት ነበር። የምግብ መመዘኛ ትንሽ ሚዛኑን እኛ ቤት ትቶልን፣ ቢኒ ምን ያህል እንደሚበላ እየመጣ ያሳየው ነበር።

«ማዘር፣ ዳቦና ድንች ብቻ ካበሉት ቦርጭ ነው የሚያወጣው» ይለኛል። «ኃይል ሰጪው ከገንቢው ካልተመጣጠነ ጡንቻ የለም።»

ገንቢና ኃይል ሰጪ ምግብ እኔም አውቃለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ይህን ግን አራተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልከራከር ነው አስቀድሜ የምነግራችሁ።

ጆሲ ለሚያሠለጥናቸው ልጆች የፕሮቲን ዱቄት ያመጣ ነበር። ከትልቅ ዕቃ እየቀነሰ በጣሳ ይሸጥላቸዋል። የመጀመሪያውን ጣሳ ቢኒ ከሙዝ ጋር እየመታ ጠጥቶ ጨረሰው። ክንዱ ሞላ፣ ፊቱ ተመለሰ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው ጣሳ፣ ትልቁ፣ የመጣው ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከምን እንደሚሠራ ጆሲን ጠየቅሁት።

«ከአጓት ነው፣ ማዘር።»

«አጓት? ለጥጃ የሚሰጠው?»

«እሱው ነው። ፈረንጅ አድርቆ መልሶ ሸጠልን» ብሎ ሳቀ።

አልደበቀኝም። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ልጄ በሁዳዴ ወተት ሊጠጣ ነው። ጆሲ ጴንጤ ነው፣ ልጄን ጾም ሊያስጥልብኝ ነው ብዬ በሆዴ ያዝኩበት። ቢኒን «በጾም ይቅርብህ» ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ፈራሁ። እሺ ባይለኝስ? ጾሙን መተዉን ከገዛ አፉ ብሰማስ? እምቢታውን ከምሰማ፣ ሳላስፈቅደው ማስጾሙን መረጥኩ።

ሾላ ገበያ ወርጄ አጃ ገዛሁ። አስፈጨሁት፣ በሻሽ ነፋሁት፣ ስኳርና ቫኒላ ጨመርኩበት። ቢኒ ሥራ ሲሄድ የጣሳውን ዱቄት ሽንት ቤት ደፋሁት። ለሽታው ብዬ ሁለት ማንኪያ አስቀርቼ ከአጃው ጋር ቀላቀልኩት። በሁለት ማንኪያስ ጾም አይፈርስም? ይህን እንኳ አላሰብኩም።

ቢኒ ጣዕሙ ተለየብኝ አለ። ጆሲ ሳይጠራጠር «ሌላ ዓይነት ስለሆነ ነው፣ ትለምደዋለህ» አለው። ይህቺ ቃሉ ኋላ በራሱ ላይ መሰከረችበት።

ልጄ ጾሙን ሙሉ አጃ ጠጣ። የሚለካው በጆሲ ሚዛን ነበር፤ ግራሙን እየቆጠረ በደብተሩ ይጽፋል። የሚጽፈው ሁሉ ውሸት ነበር፤ ውሸቱ ደግሞ የእኔ። ገንቢውን ወስጄ ኃይል ሰጪ ተክቼበታለሁ። ብረት ያነሣል፣ ክንዱ ግን አያድግም፤ ሆዱ ብቻ ይገፋል። ጂም ውስጥ «ቢኒ፣ ስንተኛ ወርህን ያዝክ?» እያሉ ያሾፉበት ጀመር። በጆሲም ላይ ወሬ ተነሣ፤ ዱቄቱን እየበረዘ ይሸጣል ተባለ። ፋሲካ ሲሆን ጣሳው ሩቡ ቀርቶት ነበር። ያኔ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ቢኒ ጋሽ ደርቤንና ጆሲን ይዟቸው መጣ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ደርቤ መዳፉ ላይ ነስንሶ ቀመሰ።

«ይሄማ የአጥሚት ዱቄት ነው» አለ። «ልጁን እንደ አራስ አጥሚት ታጠጣዋለህ እንዴ?»

ሜሮን ሳቀች። ጆሲ አልሳቀም።

«ጋሼ፣ እኔ የሰጠሁት ይሄን አይደለም።»

«ታዲያ ማን ለወጠው?» አለ ቢኒ። «ጣዕሙ ተለየብኝ ስልህ ትለምደዋለህ አላልከኝም? እናቴ ናት የለወጠችው?»

ይህን ያለው ሊያሾፍበት ነው። ጆሲ ግን ወደ እኔ ዞረ።

«ማዘር፣ እርስዎ ያውቁኛል። እስቲ ይናገሩ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ያልተማርኩ ሴት» አልኩ።

ያልኩት ይህንኑ ነው። ትምህርት ማጣቴን ዕድሜዬን ሙሉ ሳፍርበት ኖሬ፣ የዚያን ቀን ግን ተሸሸግሁበት። ጆሲ ጥቂት አየኝ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። ጋሽ ደርቤ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ እዚያው ነገረው። ሲወጣ ሚዛኑን እንኳ አላነሣም። ከወር በኋላ ክፍሉን ለቆ መሄዱን ሰማሁ።

ቢኒ እስከ ዛሬ ለጓደኞቹ «አጥሚት ነጋዴው» እያለ ያወራዋል። እነሱ ሲስቁ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ቢኒ ማንም ሳይለምነው ጾመ። ምስሩን ምን ያህል እንደምሠራለት ለማየት የድሮ ደብተሩን ገለጥኩ። አንድ ገጽ ላይ የጆሲን ጽሕፈት አገኘሁ። «በጾም፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ አኩሪ አተር ይበቃሃል። ዱቄቱ ወተት አለበት፣ መጀመሪያ ማዘርን አስፈቅድ» ይላል።

ቢኒ አላስፈቀደኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ከሦስታችን ለእኔ ጾም የተጨነቀው ጆሲ ነበር።

ለልጄ ነፍስ ብዬ ነው ልላችሁ እችላለሁ። ጣሳውን ስለውጥ ምናልባት እንደዚያ ይሆናል። ዝም ያልኩት ግን ለራሴ ስል ነው። ለዚያ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም፤ ባገኝም አልጽፈውም። ይህን ወረቀት መጀመሪያ ለቢኒ አነብለታለሁ። ከዚያ ዳገቱን ወጥቼ ለጋሽ ደርቤ እሰጠዋለሁ፣ ከዚያ ለንስሐ አባቴ። ጆሲን ግን የት ሄጄ ላግኘው?

ረጅም ነው። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሐዋሳ ሄዷል የሚሉ አሉ። ሚዛኑ እኔ ዘንድ ነው፣ ጠርጌ አስቀምጬዋለሁ። ጆሲን ያየው ሰው ካለ፣ ደህና መሆኑንና ሥራ ማግኘቱን ይንገረኝ።