ከአስታማሚያቸው ጋር የተቆራኙት አጎቴ

ይህ ነገር የሆነው ጣልያን አገራችን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ዛሬ ናዝሬት የምንላት ከተማ አዳማ ብቻ ትባል በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ ብዙም ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ባሰብኩት ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ደግሞ ሳቁ ይጠፋብኛል።

ባላምባራስ ወልደየስ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ከበቅሎ ወድቀው፣ ከወገባቸው በታች ያለው ሰውነታቸው አልታዘዝ ካላቸው፣ እጃቸውም ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም። ቤታቸው ከባቡር ጣቢያው ብዙ አይርቅም። እኔ ያን ጊዜ ባሌ የሞተብኝ ወጣት ሴት ነበርኩና "በላይነሽ፣ ነይና ቤቴን ያዢልኝ" ብለው አስጠሩኝ። ቤት መያዝ ይበሉት እንጂ ዋናው ሥራዬ አስታማሚዎቻቸውን መቆጣጠር ነበር።

አስታማሚዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቱፋ ይባላል፤ የደራ ሰው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዝምተኛ። ሌላው ሰይድ ነው፤ ከወሎ መጥቶ ጣቢያው ላይ ጭነት ሲያወርድ የቆየ ጨዋታ አዋቂ። አጎቴን የሚያነሷቸው፣ የሚያጥቧቸው፣ የሚያጎርሷቸው፣ ከጎን ወደ ጎን የሚያገላብጧቸው እነሱ ናቸው። የማይንቀሳቀስ ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ከተኛ ይቆስላል። አጎቴም ቆስለው ነበር።

ጠዋት ጠዋት "አገላብጣችኋቸዋል?" ብዬ እጠይቃለሁ። "አዎ" ይላሉ ሁለቱም። ጋቢያቸውን ስገልጠው ግን ቁስሉ ብሶበት አገኘዋለሁ። ማን ነው ያላገላበጠው ስል፣ ቱፋ "ተራው የሰይድ ነበር" ይላል። ሰይድ ደግሞ "የቱፋ ነበር" ይላል። ተራ ብለይላቸው "ተለዋውጠናል" ይሉኛል።

አጎቴን ምስክር እንዳላደርጋቸው፣ እሳቸው ሁሉንም ነገር ስለሚከሱ የትኛው ክስ እውነት እንደሆነ አይለይም። አንድ ጊዜ ዶሮ አልጋቸው ላይ ወጥታ ብታስቀይማቸው፣ ባለቤቲቱን አስጠርተው ሙሉ ቀን ተሟግተዋታል። ሙግት ነፍሳቸው ነበር። በጤናቸው ጊዜ የራሳቸው ጉዳይ ሲያልቅ የጎረቤት ጉዳይ ተቀብለው ይሟገቱ ነበር።

ቢቸግረኝ አንዱን በአንዱ ላይ ጠባቂ አደረግሁ። ሰይድን "ቱፋን ከዓይንህ እንዳታጣው" አልኩት። ቱፋንም ለብቻው ጠርቼ "ሰይድን ከዓይንህ እንዳታጣው" አልኩት። ሁለቱ ደጅ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲተያዩ መዋል ጀመሩ። አጎቴ እቤት ውስጥ "ኧረ ውሃ" ይላሉ።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አየር እንዲያገኙ ብለው አጎቴን ከነጠፍር አልጋቸው አውጥተው ደጅ ካለው ግራር ሥር አስቀመጧቸው። እኔ ገበያ ሄጃለሁ። ወዲያው ባቡሩ ጮኸ። ሰይድ የባቡር ድምፅ ሲሰማ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ወደ ጣቢያው ሮጠ። ቱፋ ደግሞ ሰይድን ከዓይኑ እንዳያጣ ታዟልና ተከትሎት ሄደ።

ከገበያ ስመለስ ከሩቅ የሰማሁት የአጎቴን ድምፅ ነው። "በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ!" ይላሉ። በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እንኳን ሊሄድ፣ ያነሳውን እግር አያሳርፍም። ደርሼ ሳይ ግን የተባለው ግመል ነበር።

ከረዩዎች ግመል እየነዱ በሰፈራችን ማለፋቸው የተለመደ ነው። አንዱ ግመል ከመንጋው ተነጥሎ መጥቶ፣ የአጎቴን ፍራሽ በጥርሱ ቀዶ ገለባውን እየመዘዘ ይበላል። አጎቴ መንቀሳቀስ አይችሉ። ገለባው ሲወጣ እሳቸው ቀስ በቀስ ወደ ጠፍሩ እየሰመጡ ነው። ግመሉ ሕግ አላወቀም።

ባለቤቱ፣ ራሱ ገብስማ የሆነ ሽማግሌ፣ ሮጦ መጥቶ ግመሉን ጎተተው። ይሰድቡኛል ብሎ ተሸማቆ ቆመ። አጎቴ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር።

"የግመሉ ጉዳይ ይቆየን" አሉት። "አንተ መንገደኛ ነህ። በሕግ አምላክ ብዬሃለሁ፤ ዳኘኝ።"

የዚያን ዘመን ልማድ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ላስረዳ። ባለጉዳይ መንገደኛ አቁሞ ዳኘኝ ካለው፣ መንገደኛው ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ተቀምጦ ይሰማል፤ መቁረጥ ካቃተው ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ሹም ይቀርባሉ።

ሽማግሌው ግን አማርኛ አይሰማም። አጎቴ ደግሞ በአዳማ ያን ያህል ዘመን ኖረው ከሰላምታ በቀር ኦሮምኛ አያውቁም። ይህን ጊዜ ቱፋና ሰይድ እያለከለኩ ደረሱ።

"ቱፋ" አሉት አጎቴ፣ "መጣህልኝ። አንተን ልከስህ ነው፤ ተርጉምልኝ።"

እኔ ኦሮምኛ አውቃለሁ፤ ልተርጉም ብል "የቤቴ ሰው ነሽ፤ ለእኔ ታዳያለሽ ይባላል" ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ተከሳሹ የተከሰሰበትን ክስ ራሱ መተርጎም ጀመረ። አጎቴ "ይህ ሰነፍ" ሲሉ "ይህ ሰነፍ" ብሎ ደረቱን ያሳያል። "ለግመል አሳልፎ የሰጠኝ" ሲሉ እሷንም ሳያጎድል ተረጎመ። እንዲያውም አጎቴ የረሱትን፣ ጠዋት ውሃ እንዳልሰጣቸው፣ ከራሱ ጨመረበት።

ሽማግሌው አንድ ነገር ጠየቀ። ቱፋ መለሰለት፤ ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ "እውነት ነው ወይ አለኝ። ዱጋ፣ እውነት ነው፣ አልኩት" አለ።

ሰይድ ነገሩ ወደ እሱ ሳይዞር "ተራው የቱፋ ነበር" ብሎ መሰከረ። ሽማግሌው አገጩን እያሻሸ ቆየና፣ የታመመ ሰው ጉዳይ ከባድ ነው፣ የአገሩ ዳኛ ይየው ብሎ፣ የቱፋን ነጠላና የአጎቴን ጋቢ አቀራርቦ ቋጠራቸው። ግመሉን ይዞም ሄደ። ሰይድ በማግስቱ በድሬዳዋ ባቡር እንደሄደ ሰማን፤ ዳግመኛ አላየነውም።

የአገሩ ዳኛ በዚያ ሰሞን በድንበር ጠብ ወደ ዝዋይ ወርደዋል። መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ዝናቡ ደግሞ ገባ።

"አጎቴ፣ እስኪመለሱ ይፍቱት" አልኳቸው።

"ቁራኛ በዳኛ እንጂ በሴት ልቅሶ አይፈታም" አሉኝ። እኔ አላለቀስኩም ነበር።

ቱፋ ወደ ሜዳ መውጣት ሲያስፈልገው ምን ይሁን? አጎቴ "ከሳሽ ተከሳሹን አይለቅም" አሉ። ጎረቤቶች ተጠርተው አልጋውን በአራት ማዕዘን ተሸክመው፣ ቱፋን ከጎን አስከትለው ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ። አጎቴ በአልጋው ላይ ሆነው ፊታቸውን በክብር ወደ ሌላ አዞሩ። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠሩ ጎረቤቶቹ እያጉረመረሙ መጡ። ሦስተኛው ላይ አንድም ሰው አልመጣም። ያን ጊዜ አጎቴ ጥቂት አስበው "ሕጉ ስለ ማሰሪያው ርዝመት አይናገርም" አሉና፣ በነጠላው ምትክ ረጅም የጭነት ገመድ እንዳመጣ አዘዙኝ። አንዱን ጫፍ ከቱፋ ወገብ፣ ሌላውን ከአጎቴ እጅ አሰርን።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለማመን ተቸግሬ ነበር። አጎቴ ሲጠማቸው ገመዱን ይስባሉ፤ ቱፋ ይመጣል። ጎናቸው ሲደነዝዝ ይስባሉ፤ ያገላብጣቸዋል። መጀመሪያ ፊቱን አጥቁሮ ነበር የሚሠራው። "ተከሳሽ፣ ትራሴን አስተካክል" ይሉታል። "እሺ ከሳሽ" ይላል።

ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ ታስሮ ዝም ማለት አይችልም። አጎቴ ሙግት ያስተምሩት ጀመር። "ተከሳሽ እንዲህ ተኮራምቶ አይቆምም። ነጠላህን አደግድግ። በትርህን ያዝ። ዳኛውን በዓይኑ እየው" ይሉታል። ዝምተኛው ቱፋ ሾርባ እያጎረሳቸው የመከላከያ ንግግሩን ይለማመዳል። ጥሩ ሲናገር አጎቴ ይናደዳሉ፤ መጥፎ ሲናገር የበለጠ ይናደዳሉ።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ጋቢውን ገለጥኩ። ቁስሉ ደርቋል። ቆዳው ጠግጓል። እኔ ስንት ዘዴ ፈጥሬ ያቃተኝን አንድ ክስ ሠራው። ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም።

ዝናቡ አባርቶ ዳኛው ሲመለሱ ጉዳዩ ተነገራቸው። ሰዎች አልጋውን ተሸክመው ሊያቀርቧቸው ቢሉ፣ ዳኛው ስለ አጎቴ ብዙ ያውቁ ነበርና "እባካችሁ አታምጧቸው፤ እኔ እመጣለሁ" አሉ። መጥተው ግራሩ ሥር ተቀመጡ። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ።

አጎቴ ክሳቸውን ተናገሩ። ከዚያ ቱፋ አደግድጎ ቆመ። ጀመረና አንድ ቦታ ላይ ጠፋበት።

"'ጌታዬ ሆይ፣ ማን አዘዘኝ' በል እንጂ" አሉት አጎቴ ከአልጋቸው።

"ባላምባራስ፣ እርስዎ እኮ ከሳሹ ነዎት" አሏቸው ዳኛው።

"አውቃለሁ። ግን ነገር ሲበላሽ ማየት አልወድም።"

ቱፋ ቀጠለ። "ጌታዬ ሆይ፣ ማን አዘዘኝ? ሰይድን ተከተል ተብዬ ተከተልኩ። ባልከተል የታዘዝኩትን አፈረስክ እባላለሁ፤ ብከተል በሽተኛውን ጣልክ ተባልኩ። ሁለት ትእዛዝ ለአንድ ሰው ከሰጠ ሰው ጋር ይሟገቱልኝ።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። አጎቴ በኩራት ዙሪያቸውን አዩ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

"ማን ነው ሰይድን ተከተል ያለው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺንስ በእነዚህ ሰዎች ላይ ማን ሾመሽ?"

"አጎቴ ናቸው።"

ዳኛው የደከማቸው ይመስላሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ቱፋ የታዘዘውን ፈጸመ፤ ነጻ ነው። ይቺም ሴት የተሾመችበትን ሠራች። የሾሟት ባላምባራስ ወልደየስ ናቸው። ከሳሹም ባላምባራስ ወልደየስ ናቸው። ነገሩን እስክቆርጠው ድረስ ባላምባራስ ከራሳቸው ጋር ይቆራኙ፤ ካልሆነም ዋስ ይጥሩ።"

የአጎቴ ጋቢ አንዱ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር ደረታቸው ላይ ተቋጠረ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀደም በዚህ ዓይነት ፍርድ ሲረታ ያየሁት ሰው የለም። አጎቴም መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር።

"ዋስ ይጥሩ" አሉ ዳኛው እንደገና።

አጎቴ ዙሪያውን ተመለከቱ። ግማሹ ሰው የከሰሱት ነው፤ ግማሹ አልጋቸውን የተሸከመ ነው። ሁሉም ዓይኑን ሰበረ። እኔ እጄን ባነሳ፣ ራሳቸው "ዘመድ ዋስ አይሆንም" አሉኝ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ያን ያህል ዘመን ሲሟገቱ ኖረው ዋስ ያጡበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል። ሳቁም ቆመ።

ቱፋ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ እየጠቀለለ ነበር። ጠቅልሎ ሲጨርስ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"እኔ ዋሳቸው ነኝ" አለ።

"ምን እንዳይሆኑ ነው ዋስ የምትሆናቸው?" አሉት ዳኛው።

"እንዳይጠፉ።"

መራመድ የማይችል ሰው እንዳይጠፋ ዋስ የሆነ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ዳኛው ግን አልሳቁም። ዋስነቱን ተቀብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ። ነገሩን ለመቁረጥም ተመልሰው አልመጡም።

ዋስ የዋሰውን ሰው መጠበቅ አለበት። ቱፋም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጎቴ አልተለየም። በኋላ ሌላ አስታማሚ ስንጨምር ያሠለጠነውና የተቆጣጠረው እሱ ነው። "ይህ ሰው ቢጎዳ የምጠየቀው እኔ ነኝ" እያለ ያስጠነቅቀው ነበር። እኔ የምቆጣጠረው ሰው ስላጣሁ ጥልፍ ተማርኩ። ሁለቱ ግን መሟገታቸውን አልተዉም። ስለ ሾርባው ጨው ሳይቀር ክስና መልስ ነበራቸው።

አጎቴ በአንድ ሐምሌ በሰላም አረፉ። ገላቸውን ሲያጥቧቸው ሰውነታቸው ላይ አንድም ቁስል አልነበረም።

ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ቱፋ ነጠላውን አጥቦ፣ አደግድጎ፣ ዳኛው ቤት ሄደ። እኔም ምን ሊል ነው ብዬ ተከተልኩት። ዳኛው ፊት ቆሞ "ጌታዬ ሆይ፣ ዋስ የሆንኩላቸው ሰው ጠፍተውብኛል። እጄን ልሰጥ መጥቻለሁ" አለ።

ዳኛው የሚቀልድ መስሏቸው ቀና ብለው አዩት። አይቀልድም ነበር። ሁለት እጆቹን አቅርቦ ቆሟል፤ እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል። ዳኛው ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጆቹን ይዘው ዝቅ አደረጓቸውና አጠገባቸው አስቀመጡት። ያን ቀን ሌላ ጉዳይ አልሰሙም።

በኋላ የወለድኳት ልጄ አሁን ሆስፒታል ውስጥ ረዳት አስታማሚዎችን ትቆጣጠራለች። አንዳንድ ጊዜ ደክሟት መጥታ "እማዬ፣ ሁሉም ተራው የእኔ አልነበረም ነው የሚለኝ" ስትል ይህን ታሪክ አጫውታታለሁ። ትስቅና "ይህ ለሥራዬ ምን ይረዳኛል?" ትለኛለች። ቱፋ ለምን ዋስ እንደሆነ እኔም ጠይቄው አላውቅም፤ ብጠይቀው የሚነግረኝም አይመስለኝም ነበር። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በአንድ ቤት በመኖሬ ግን እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።