የላይኞቹና የታችኞቹ ጋብቻ

በሞተ ሰው መናደድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሦስት ትውልድ ሙሉ ሴት ልጅ በተወለደች ቁጥር ያንኑ አንድ ስም የሚያወጣ ቤተሰብ ምን ይባላል? ያውም አንድ ቤተሰብ ቢሆን ደግ፤ ሁለት ናቸው።

ነገሩ የመጣው በእትዬ ነው። እትዬ ኖርዝ ሜልቦርን በምንኖርበት የመንግሥት ፎቅ፣ ከእኔ አንድ ወለል ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ እዚሁ የተወለዱ ነጭ አሮጊት ነበሩ። የተዋወቅነው ሊፍቱ የተበላሸ ዕለት የገበያ ዕቃቸውን ተሸክሜላቸው ነው። ያኔ ከአፌ አምልጦኝ «እትዬ» አልኳቸው። ትርጉሙን ሲሰሙ ወደዱት፤ ከዚያ በኋላ በስማቸው ስጠራቸው አቤት አይሉም። በእንግሊዝኛ «ዩ» ብላቸውም በልቤ አንቱ ነበሩ።

ልባቸው ደክሟል። ሐኪማቸው ብዙ እንደማይቆዩ ነግሯቸዋል። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው ደግሞ አመዴ ባሕር ላይ ይበተን ብለው ተናዘው ሞተዋል። እትዬ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናታቸው አጠገብ መቀበር። እናታቸው የሞቱት እሳቸው ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ነው። ከከተማው በስተሰሜን ባለው አሮጌ መካነ መቃብር፣ በቤተሰቡ መቃብር ውስጥ ተቀብረዋል፤ እዚያም የአንድ ሰው ቦታ ቀርቷል። መብቱ ግን የተመዘገበው በእናታቸው አያት ስም ነው። የመካነ መቃብሩ ቢሮ ከእኚያ ሰውዬ መውረድዎን በወረቀት ያስረዱ አላቸው።

«ቀላል ነው» አልኳቸው። «ሰውዬው፣ ልጃቸው፣ እናትዎ፣ እርስዎ። አራት ሰው ነው። እኛ ወሎ ሕፃን ልጅ ሰባት ቤት ይቆጥራል።»

የጉረኛ ነገር።

ማክሰኞና ሐሙስ የማለዳ ሺፍቴን ስጨርስ የአረጋውያን መጦሪያውን ዩኒፎርም ሳልቀይር መሃል ከተማ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። በመጀመሪያ እትዬም አብረውኝ ነበሩ፤ ኋላ መቀመጥ ሲያቅታቸው ብቻዬን ሆንኩ። የቆየ ጋዜጣና መዝገብ ፊልም ላይ ተነሥቷል፤ በማሽን እያዞሩ ማንበብ ነው። ዓይኔ እስኪፈስ አነበብኩ።

ሁለቱ ቤተሰቦች ከእንግሊዝ አገር በመርከብ መጥተው ከሜልቦርን በስተምዕራብ አንድ ወንዝ ዳር ሰፍረዋል። የእትዬ የእናታቸው ወገን ከወንዙ ራስጌ ስለነበሩ በደብተሬ ላይ «የላይኞቹ» አልኳቸው፤ ሌሎቹን «የታችኞቹ»፤ እትዬም እንደዚያው ይሏቸው ጀመር። ስንት በግ እንደነበራቸው፣ አጥሩን የት እንዳጠሩ ሁሉ ተጽፏል። መሬቱ ቀድሞ የማን እንደነበረ፣ ባለቤቶቹም የት እንደገቡ ግን አንድ መስመር አላገኘሁም። እትዬን ብጠይቃቸው «ያኔ እኮ ማንም አልነበረም» አሉኝ። ሰው የማይቀዳው ወንዝ እኔ አላውቅም። በጊዜው ግን ትልቅ ሰው አላስቀይምም ብዬ ዝም አልኩ።

ቢሮው ስልክ ስደውል ሙዚቃ እያሰማ ግማሽ ሰዓት ያቆመኛል፤ ከዚያ «ኢሜል አድርጊ» ይለኛል። ኢሜል ሳደርግ «ፎርሙ አልተሟላም» ይለኛል። የጎደለው የእትዬ አያቶች የጋብቻ ማስረጃ ነበር። የወንድ አያታቸው የሰውዬው ልጅ መሆናቸውን አግኝቻለሁ። ሚስታቸውን ፍለጋ ገባሁ።

አገኘኋትም። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሴት አያትዬዋ ስም ከነቤተሰብ ስሙ ተጽፏል። ያው ስም፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ፣ በላይኞቹ የልደት መዝገብ ላይ ተቀምጧል፤ አባት፦ መቃብሩን የገዙት ሰውዬ። የባልየውም አባት እሳቸው ናቸው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ወንድምና እህት!

ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ። እኔ በሃያ ዓመቴ የወደድኩት ልጅ ነበር፤ ሃይማኖታችን ባይከለክልም የአገሩ ልማድ አይፈቅድም ተብሎ በስድስተኛ ቤት ዘመዳሞች ናችሁ ብለው ለያዩን። በስድስተኛ! እነዚህ ደግሞ ባሕር አቋርጠው፣ የሰው አገር ወስደው፣ የአንድ እናት ልጆች ተጋቡ? ከትራሙ ወርጄ ኖርዝ ሜልቦርን እስክደርስ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነበር።

እና ይህን ለምትሞት ሴት እንዴት ብዬ ልንገር? የሰው ገመና ይሸፈናል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። የሆዴን በሆዴ ይዤ ቀረሁ። ማክሰኞ ሲመጣ እትዬ «ላቭ፣ ምን ተገኘ?» ይሉኛል፤ ላቭ የሚሉኝ ውዴ ለማለት ነው። ማሽኑ ተበላሽቷል እላለሁ። ሐሙስ ሲመጣ ሺፍት ጨመሩብኝ እላለሁ። ሦስት ሳምንት ዋሸሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊታቸው እየከሳ ሄደ፤ እኔ ሕመሙ ነው ብዬ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሾርባ ይዤላቸው ስገባ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «የእናቴ ልጅ አይደለሁም፣ አይደል? ያንን ነው ያገኘሽው።»

ለካ ዝምታዬን በዚያ ተርጉመውት ኖሯል። እዚያው ቆሜ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ዓይናቸውን ሳላይ፣ አያቶችዎ ወንድምና እህት ናቸው አልኳቸው።

እትዬ ሳቁ። ሳቅ ብቻ አይደለም፤ ትን ብሏቸው ጀርባቸውን መታ መታ እስካደርግ ድረስ።

«ላቭ፣ ሴት አያቴ እኮ ከታችኞቹ ናት! ስታገባ ነው የላይኞቹን ስም የያዘችው። የላይኞቹ ልጅ ደግሞ ወደ ታች አገባች። ወንድምና እህት ከወንድምና እህት ጋር ተለዋወጡ። ሁለቱ ሴቶች ስማቸው አንድ ነው፤ እዚያ ቤት የማን ስም ያልተመሳሰለ አለ?»

ሴት ስታገባ የባሏን ቤት ስም እንደምትይዝ እዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬ አጥቼው አይደለም። የባንክ ሠራተኛዋም፣ የልጄ አስተማሪም እንደዚያ ናቸው። ግን መዝገብ ፊት ስቀመጥ ያነበብኩት እንደ አባቴ ልጅ ነው፤ እኛ ዘንድ ሴት በአባቷ ስም ተወልዳ በአባቷ ስም ትቀበራለች። ድንጋይ ላይ ያየሁትን ስም የባሏ ይሆን ብዬ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ሰባት ቤት ቆጣሪዋ በሁለተኛው ቤት ተሰናከልኩ።

እትዬ እጄን ይዘው «ይህን ሦስት ሳምንት ብቻሽን ተሸከምሽው?» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሙሽራዋን በታችኞቹ ስም ፈለግኳት። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ማስረጃውን አያይዤ ላክሁ፤ መልስ መቀበያ ብዬ የራሴን አድራሻ ሞላሁ። ቢሮው ማጣራቱ ስድስት ሳምንት ይወስዳል አለኝ።

እትዬ በአምስተኛው ሳምንት ሞቱ።

ፈቃድ ሳይኖር መቃብሩ አይከፈትም ተባለ። ለመንኩ፤ ጮኽኩ፤ አለቃሽን አገናኚኝ አልኩ። ሙዚቃውን መልሰው አሰሙኝ። አይቼው የማላውቀው የባላቸው የወንድም ልጅ ከሌላ ከተማ መጥቶ በሁለት ቀን ጨረሰው፤ በስተምዕራብ ባለው አዲሱ መቃብር፣ በማያውቋቸው ሰዎች መሃል አስቀበራቸው።

ደብዳቤው የመጣው በተቀበሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ማመልከቻው ተፈቅዷል ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እናታቸው አጠገብ ላዛውራቸው ብዬ ደወልኩ፤ «ለሟች ምን ነሽ?» አሉኝ። ጎረቤት አልኩ። ማመልከት የሚችለው ዘመድ ብቻ ነው አሉኝ። የወንድም ልጅ ለተባለው ሰው ሦስት ጊዜ ኢሜል አደረግሁ፤ እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ደብዳቤውን የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አነበበችው። ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኳት።

«ማሚ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት አስክ ሀር?» አለች፤ ለምን እሳቸውኑ አልጠየቅሽም ማለቷ ነው።

«ገመናቸውን ልሸፍን ብዬ ነዋ።»

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ ያን ቀን በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«ከማን? ከራሳቸው?»

ደብዳቤው የዘገየው አሥራ አንድ ቀን ነው፤ የእኔ ዝምታ ሃያ አንድ ቀን ነበር። ደብዳቤውን አጥፌ ደብተሩ ውስጥ ከላይኞቹና ከታችኞቹ ጋር አስቀመጥኩት። በመጨረሻው መስመር ላይ ፈቃዱ የጊዜ ገደብ የለውም ይላል።