አሚን ያልኩበት ምርቃት

ውድድሩ የፊታችን እሁድ ነው። ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ወደ ሁለት ኪሎሜትር እንዋኛለን፤ ከውኃው ወጥተን ዘጠና ኪሎሜትር ብስክሌት እንነዳለን፤ ከብስክሌቱ ወርደን ደግሞ ግማሽ ማራቶን እንሮጣለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው እኔና ባለቤቴ ነን። ሰው ምን እንደምመኝ ሲጠይቀኝ «በሰላም መጨረስ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። የምመኘው ሚስቴን መቅደም ነው። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ የድሬ ሙቀት እንዳይመስላችሁ።

ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። አርባን ስሻገር ሸሚዜ ቦርጬ ላይ አልዘጋ አለኝና ብስክሌት ገዛሁ፤ ሆቴል ገንዳ ውስጥም ዋና ተማርኩ። «ነይ እንጂ፣ ቤት ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?» እያልኩ እሷን የጎተትኳትም እኔው ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን የገንዳውን ብረት ጨብጣ ስትንቀጠቀጥ፣ አተነፋፈሱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እንዴት ኮርቼ እንደነበር! ዓመት ሳይሞላ በውኃም በምድርም ጥላኝ ትሄድ ጀመር። ወደ ሁርሶ በሚወስደው መንገድ ስንነዳ ጀርባዋ እያነሰ እያነሰ ይሄድና ከዓይኔ ይጠፋል። መመለሻችን ጋ ስደርስ ግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ውኃ ስትጠጣ አገኛታለሁ። «ንፋሱ ከባድ ነው አይደል?» ትለኛለች። ንፋስ የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ ጫት ይዘን በርጫ ላይ ስንቀመጥ ጓደኞቼ «እንዴት ነው ልምምዱ?» ሲሉኝ ምን አልኩ? «እሷን እየጠበቅኩ እንጂ፣ ብቻዬን ብሆንማ!» አልኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሚስቴ ጆሮ እንዳልደረሰ እርግጠኛ ነበርኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መጋላ፣ ጎረቤታችን አዴ ግቢ ተሰበሰብን። አዴ፣ እናት እንደማለት ነው፣ የምንላት ትልልቆችም ትንንሾችም ነን፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሠራም። መንገደኛ ግን ሳይመረቅ አይወጣም። ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን እጁን ይዘረጋል፤ መራቂዋ ትለምናለች፤ የተቀመጠው ሁሉ አሚን ይላል። አዴ መዳፎቿን ከፈተችና መልሳ አጠፈቻቸው።

«ወርያ፣ ሁለት ናችሁ እኮ! ማን ይቅደም ብዬ ነው ዱዓ የማደርገው?»

«አቦ አዴ፣ ይሄም ይጠየቃል?» አለ ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ። «እሱ'ኮ እሷን እየጠበቀ ነው የሚሮጠው። አሁንስ ይለቀቅ በይ!»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ሚስቴን አየኋት። ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «የምትቀድመኝ እሷ ናት» ብል ለሁለት ቀን ስቀውብኝ ያልፍ ነበር። እኔ ግን አብሬ ሳቅኩ።

እሷ ሻሿን አስተካከለችና፣ «እውነቱን ነው» አለች። «እሱ ባይጠብቀኝ የት እደርስ ነበር? እሱ ይቅደም በይ፣ አዴ።»

ለካስ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

«አላህ እሱን ያስቀድመው፤ እሷንም ከኋላው በሰላም ያምጣት!» አለች አዴ።

«አሚን!» ተባለ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የኔ ድምፅ ነበር።

ዛሬ ማለዳ ብስክሌቶቹን ለመንገድ ከማሸጋችን በፊት የመጨረሻዋን ቀላል ሩጫ ለመሮጥ ዛፍ ወደሞላበት ከዚራ ሰፈር ወጣን። ፀሐይ ገና ከዛፎቹ በላይ አልወጣችም። ትንሽ እንደሄድን አንድ ነገር ግር አለኝ፤ ከፊቴ ማንም የለም። የጫማዋ ድምፅ ከኋላዬ ነው የሚመጣው። ፍጥነቴን ስቀንስ ትቀንሳለች፤ ስጨምር ያለምንም ድካም ትጨምራለች።

«ቅደሚ እንጂ» አልኳት ሳልዞር።

«የተመረቀ ሰው ይቀደማል እንዴ?»

«ቀልዱን ተይው። እሁድ እንዲህ እንዳታደርጊ። የለፋሽበት ነው።»

እርምጃዋን ከእርምጃዬ ጋር አስተካከለች። ቀጥላ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ የቤት ወሬ እንደምታወራ ሁሉ፣ «አሚን ስትል ሰምቼሃለሁ» አለችኝ።

ቆም ብዬ «አጥፍቻለሁ፤ አሁኑኑ አዴ ጋ ሄደን ምርቃቱን ታስተካክለው» ማለት ነበረብኝ። ጊዜ ነበረኝ፤ መንገዱም ቅርብ ነበር። አልቆምኩም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ከፊት መሮጥ ደስ ይል ነበር።